ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፦ ሥጋው ታሞ የሐዘንተኞችን ልብ ያከመ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾም ሲገባ ሁላችንም ስለ ሆዳችን ማሰብ እንጀምራለን። ምን እንበላለን፣ እስከ ስንት ሰዓት እንቆያለን፣ ሽሮውና ዘይቱ ስንት ገባ እንላለን። ስለ ልባችን የምናስበው ግን ትንሽ ነው። ሰው ደግሞ ነፍስና ሥጋው በአንድነት የተፈጠረ ነውና አንዱ ሲታመም ሌላው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያዘነ ሰው እህል አይወርድለትም። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ይሸሸዋል። የተናደደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ሆዱ ይላወሳል። እንዲሁም ሥጋው የደከመ ሰው ትዕግሥቱ ቶሎ ያልቃል፣ ጸሎቱም ይከብደዋል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በየቤታችን የምናየው ነው።

ይህን ነገር በራሱ ሥጋ ላይ ተምሮ ለሌላው ያስተማረ አንድ ታላቅ አባት አለን። እሱም ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ስሙን በቅዳሴ እንሰማዋለን፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በእሱ ስም ይጠራል። አፈወርቅ የተባለው ስለ ትምህርቱ ጣፋጭነት ነው። ነገር ግን ይህ አፉ ወርቅ የሆነ አባት ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ ድረስ ጨጓራውን እያመመው እንደኖረ ስንቶቻችን ሰምተናል? ዛሬ ሕይወቱን የምንተርከው በዚህ በኩል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመበለቷ ልጅ

ቅዱስ ዮሐንስ የተወለደው በ347 ዓ.ም ገደማ በአንጾኪያ ከተማ ነው። አንጾኪያ ያኔ በሮም መንግሥት ከታወቁት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ በቱርክ አገር ውስጥ ትገኛለች። አባቱ በሠራዊቱ ውስጥ ባለሥልጣን ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባትየው ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያኔ ዕድሜዋ 20 ዓመት ገደማ ነበር። ወጣት፣ ባለ ሀብትና ከደህና ቤተ ሰብ የተወለደች ስለነበረች ሌላ ባል ማግባት አያቅታትም ነበር። እሷ ግን መበለት ሆና ልጆቿን ለማሳደግ ቆረጠች።

ልጇንም ሊባኒዮስ ከተባለ በዘመኑ ዝነኛ ከሆነ የንግግር መምህር ዘንድ አስተማረችው። ዮሐንስ በትምህርቱ እጅግ ጎበዝ ሆነ። በዓለም ትልቅ ቦታ ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ እሱ ልቡ ወደ ምናኔ አዘነበለ። ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ሊወጣ ሲነሣ እናቱ ይህን ሰማች። እጁን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደችው፤ እሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጣም አለቀሰች። ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት፣ እሷ እስክታልፍ ድረስ እንዲታገሣት ለመነችው። ይህን ታሪክ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ እሱ ራሱ ተርኮታል። ዮሐንስም ያኔ ሐሳቡን አቆይቶ በቤት ውስጥ በጾምና በጸሎት ተወሰነ።

ሁለት ዓመት በዋሻ

በኋላ ግን ጊዜው ደረሰና ከአንጾኪያ አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጣ። በዚያ አንድ ሶርያዊ አረጋዊ መነኩሴ እየመሩት 4 ዓመት ኖረ። ከዚያም ለብቻው ዋሻ ገባ። በዋሻው በቆየባቸው 2 ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ አልተኛም፤ ቀንም ሌሊትም ጎኑን መሬት ላይ አላሳረፈም። ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ምግቡ እጅግ ጥቂት፣ ዋሻውም ብርድ ነበር።

ታዲያ ሥጋው ይህን አልቻለውም። ጨጓራው ሥራውን ያቆመ ያህል ተጎዳ፤ ኩላሊቱም በብርዱ ታመመ። ብቻውን ስለነበረ ራሱን ማስታመም አቃተው። ስለዚህ ዋሻውን ትቶ ወደ ከተማ ተመለሰ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ወዳጁ ጳላድዮስ ይህ የሆነው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው ይላል፤ በሕመሙ ምክንያት ከዋሻው ወጥቶ ለቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ነውና። በእርግጥም ቅዱሱ ዋሻ ውስጥ ያጠናው ቃል በኋላ ለብዙ ሺህ ሰዎች ምግብ ሆነ። የተጎዳው ጨጓራ ግን ከዚያ በኋላ አልዳነም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ቅዱሱን ለመንቀፍ አይደለም። ከእሱ ጋር የሚተካከል ተጋድሎ በእኛ ዘንድ የለም። ነገር ግን እሱ ራሱ በኋላ ሌሎችን ሲመክር ሥጋን አትግደሉ፣ ተጠንቀቁለት ይል የነበረው በራሱ ያየው ነገር ስለነበረ ነው። እኔም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ በዐቢይ ጾም ከጓደኞቼ ጋር እንፎካከር ነበር። ማን እስከ ማታ ይቆያል፣ ማን ብዙ ይሰግዳል ነበር ወሬያችን። በሁለተኛው ዓመት ጨጓራዬን አሞኝ ወደቅሁ፤ ለሁለት ሳምንት ከትምህርቱም ከቅዳሴውም ቀረሁ። የኔታ ሊጠይቁኝ መጥተው ጾሜ ለእግዚአብሔር መሆኑ ቀርቶ ለጓደኞቼ እንደሆነ በቀስታ ነገሩኝ። ያንን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ተስፋ ለቆረጠው መነኩሴ

ዮሐንስ በ381 ዓ.ም በአንጾኪያ ዲቁና ተቀበለ። በዚያው ዘመን ገደማ ስታጊርዮስ የሚባል አንድ ወጣት መነኩሴ ጽኑ ሕመም ላይ ወደቀ። እየተንዘፈዘፈ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ በሌሊትም አስፈሪ ሕልም ያየዋል። ርኩስ መንፈስ እንደያዘው ይታመን ነበር። ጸሎት ተደረገለት፣ ሕመሙ ግን አልተወውም። ከሕመሙም በላይ ሐዘኑ በረታበትና ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደረሰ።

ዲያቆን ዮሐንስ ሄዶ ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ታሞ ቤት ውሎ ነበር። ስለዚህ ሦስት መጻሕፍት ጽፎ ላከለት። በመጻሕፍቱ ካስተማረው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከርኩስ መንፈሱ ይልቅ የሚጎዳው ቁጥር ያጣው ሐዘን ነው። ጠላት ሰውን የሚጥለው በሐዘን አስታኮ ነው፤ ሐዘኑ ከተወገደ የቀረው ሕመም ብዙ ሊጎዳው አይችልም። ስለዚህ ስታጊርዮስ ሕመሙ እስኪለቀው ድረስ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅ፤ በሐዘኑ ላይ አሁኑኑ ይነሣ አለው።

ምክሩ የቃል ብቻ አልነበረም። ተነሥቶ የሕሙማን ማረፊያውን ወደሚጠብቀው ሰው እንዲሄድ፣ እዚያ የተኙትንም አንድ በአንድ እንዲያይ፣ ከዚያም እስረኞችን እንዲጎበኝ ነገረው። ለብቻው ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ ሕመም ብቻ የሚያስብ ሰው ሕመሙ ያድግበታል። የሌላውን መከራ ያየ ሰው ግን የራሱን በልኩ ማየት ይጀምራል። ልብ በሉ፣ ይህን የጻፈው ጤነኛ ሰው አይደለም፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ለአልጋ ላይ ሰው የጻፈው ነው።

በፍርሃት የተጾመ ጾም

በ386 ዓ.ም ዮሐንስ ቅስና ተቀብሎ በአንጾኪያ ሰባኪ ሆነ። በ387 ዓ.ም የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንድ ስብከት ሰበከ። የስብከቱ ርዕስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የሰጠው ምክር ነበር። ጳውሎስ ሙት ያስነሣ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ጢሞቴዎስን በተአምር ለምን አልፈወሰውም? ለምን እንደ ሐኪም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ መከረው? ዮሐንስ ብዙ ምክንያቶችን ዘረዘረ። ቅዱሳን እንዳይታበዩ፣ ሰዎችም እንደ አምላክ እንዳያዩአቸው፣ ትዕግሥታቸውም እንዲገለጥ እግዚአብሔር ሕመምን ይፈቅዳል አለ። የተፈቀደውም ለጤና የሚሆን ጥቂት ነው እንጂ ለስካር አይደለም ብሎ አስጠነቀቀ። የጢሞቴዎስ ሆድ የታመመው ከጾሙ ብዛት ነበር። ሰባኪውም ሆዱ በጾም የተጎዳ ነበር። ሕዝቡ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ እሱ ግን የሚናገረውን በሥጋው ያውቀዋል።

ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ ትልቅ አደጋ ወረደ። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ጣለ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ወጣና የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ከነበሩበት አውርዶ በመንገድ ጎተታቸው። ይህ በዚያ ዘመን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቁጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ። ብዙዎች ተይዘው ተቀጡ፤ ገሚሱም ቤቱን ጥሎ ወደ በረሃ ሸሸ። ገበያው ባዶ ሆነ። ሰው በር ዘግቶ ተቀመጠ፤ ጎረቤቱ ሲታሰር በመስኮት እያየ የእኔ ተራ መቼ ነው ይል ነበር። አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስ እርጅናው፣ ክረምቱና በሞት አፋፍ ላይ ያለችው እኅቱ ሳያስቀሩት ንጉሡን ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ። ሕዝቡ በካህኑ በዮሐንስ እጅ ቀረ።

ዮሐንስ መጀመሪያ ሰባት ቀን ዝም አለ። የኢዮብ ወዳጆች በሐዘኑ ፊት ሰባት ቀን ዝም እንዳሉት ማለት ነው። ለደነገጠ ሰው ወዲያው ምክር እንደማይገባው አውቋልና። ከዚያ በኋላ ግን በጾሙ ወቅት በየጊዜው ይሰብክላቸው ጀመር። በዚያ ጊዜ ካስተማራቸው ስብከቶች 21ዱ እስከ ዛሬ አሉ።

ከእነዚያ ትምህርቶች ሁለቱን ብቻ እናንሣ። የመጀመሪያው ስለ ጾም ነው። የሚጾመው አፍ ብቻ ሳይሆን ዐይን፣ ጆሮ፣ እጅና እግርም ናቸው አለ። ከሥጋ ምግብ ተከልክሎ ወንድሙን በሐሜት የሚበላ ሰው አልጾመም ብሎ ገሠጻቸው። ሁለተኛው ስለ ሐዘን ነው። ሐዘን መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የተሰጠው ለአንድ በሽታ ብቻ ነው አላቸው። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ቢያዝን ገንዘቡ አይመለስም። የሞተበት ቢያዝን ሙቱ አይነሣም። የታመመ ቢያዝን በሽታው ይብስበታል እንጂ አይለቀውም። ኃጢአት የሠራ ቢያዝንና ቢጸጸት ግን ኃጢአቱ ይጠፋለታል። እንግዲህ የዐይን መድኃኒት ለዐይን እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ሁሉ ሐዘንንም በቦታው አውሉት አለ። ለሚፈራውና ለሚጨነቀው ሕዝብ ይህ ትምህርት እንደ እስትንፋስ ሆነለት። ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ከተራራ የወረዱ መነኮሳትም የንጉሡን ሹማምንት ተማጸኑ። በመጨረሻም ጳጳሱ የምሕረት ወሬ ይዞ ተመለሰ፤ ከተማዋም ትንሣኤን በደስታ አከበረች።

ሐኪሞችና ምግብ አብሳዮች

በ398 ዓ.ም ዮሐንስ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። ንጉሡ አርቃድዮስ ነበር። በዚያ ያለው የመንበሩ ቤት በግብዣና በወጪ የታወቀ ነበር። እሱ ግን ወጪውን ቀነሰ። የተረፈውን ገንዘብ በመጀመሪያ ለሕሙማን ማረፊያ ሰጠ፤ ከዚያም ሌሎች ማረፊያዎችን አሠራ። በእነዚህ ቤቶች ላይ ሁለት ካህናትን አዛዥ አድርጎ ሾመ፤ ሐኪሞችንና ምግብ አብሳዮችንም ቀጠረ። ልብ በሉ፣ ጸሎት የሚያደርስ ብቻ ሾሞ አልቀረም። መድኃኒት የሚሰጥና ወጥ የሚሠራ ሰውም አስቀምጧል።

ለራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይመገብ ነበር። በዚህም ትዕቢተኛ ነው ተብሎ ታማ። ምክንያቱ ግን ጨጓራው የማይችለው ምግብ ስለበዛና የግብዣ ወግ ስለማይወድ ነበር። ራሱንም ስለሚያመው ወይን አይጠጣም ነበር። ብዙ ጊዜም በሥራ ተጠምዶ ምግቡን እስከ ማታ ይረሳው ነበር። የሰውን ሕመም በልኩ ሳናውቅ ለምን ከእኛ ጋር አልበላም ብለን የምንፈርድ ሁሉ ከዚህ እንማር።

ባለጸጎችን በመገሠጹና ለድሆች በመቆሙ በቤተ መንግሥቱ ጠላት በዛበት። ንግሥቲቱ አውዶክስያም ተቆጣችው። በ403 ዓ.ም በተደረገ ጉባኤ ከሹመቱ እንዲወርድ ተፈረደበት፤ ከአጭር ጊዜ በኋላ ቢመለስም በ404 ዓ.ም ፈጽሞ ተሰደደ።

ከስደት የተላኩ ደብዳቤዎች

የተሰደደው ወደ ቁቁሶስ ነው። ቁቁሶስ በአርመንያ ተራሮች መካከል ያለች ብርዳም ትንሽ ከተማ ነበረች። መንገዱ ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ያህል ፈጀ፤ በመንገድም ንዳድ ያዘው። የተራራው ክረምት ደግሞ ባሰበት። ጨጓራው ምግብ አልይዝ አለ፣ ያስመልሰዋል። ራሱን ያመዋል። እንቅልፍ አጣ። ብዙ ብርድ ልብስ ደራርቦ፣ ቀኑን ሙሉ እሳት እየነደደ፣ ከክፍሉ ሳይወጣ ወራት አሳለፈ። ጸደይ ሲገባ ጥቂት ተሻለው።

በቁስጥንጥንያ ቅድስት ኦሎምፒያስ የምትባል ዲያቆናዊት ነበረች። በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት ባለጸጋ ሴት ነበረች። ንጉሡ ሌላ ባል እንድታገባ ቢፈልግም እምቢ ብላ ሀብቷን ለድሆችና ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ቅዱሱ ሲሰደድ እጅግ አዘነች። እሷም ተከሰሰች፣ ተቀጣች፣ ከከተማዋም ወጣች። ሐዘኑ ሥጋዋን በላው፤ ጽኑ ሕመምም ያዛት። ቅዱስ ዮሐንስ ለእሷ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች 17ቱ ተጠብቀው ቆይተዋል።

በእነዚያ ደብዳቤዎች ዮሐንስ ሁለት ሐኪም ሆኖ እናየዋለን፤ የነፍስም የሥጋም። ሕመሟ ከሐዘኗ እንደሚነሣ፣ ሐዘኗም በሕመሟ እንደሚበረታ በግልጽ ይነግራታል። ሐዘን ከማንኛውም ስቃይ የበለጠ እንደሚከብድ ለማስረዳት ነቢዩ ኤልያስን ያነሣል። በእሳት የተዋጋው ኤልያስ በሐዘን ሲያዝ ሞትን እስከ መለመን ደረሰ። እስራኤልም በግብፅ ሳሉ ከመጨነቃቸው የተነሣ የሙሴን ቃል መስማት አቃታቸው። ያዘነ ሰው ጆሮው እንኳ ይዘጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የኤልያስን ታሪክ ስናስታውስ አንድ ነገር እናያለን። እግዚአብሔር ነቢዩን ወዲያው አልገሠጸውም። መጀመሪያ አስተኛው። ከዚያ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። በተራራው ላይ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ፈጣሪያችን የፈጠረውን ያውቃል።

ቅዱስ ዮሐንስም እንዲሁ አደረገ። ለኦሎምፒያስ ደብዳቤዎቹን አንብባ እንዳትተዋቸው፣ አቅሟ ሲፈቅድ ድምፅ አውጥታ እንድትደጋግማቸው ይነግራታል። በዚያው ደግሞ ጤናዋን ችላ እንዳትል፣ የተማሩ ሐኪሞችንና መድኃኒትን እንድትጠቀም አጥብቆ ይለምናታል። አንዲት ወይዘሮ የላከችለት መድኃኒት ጨጓራውን በሦስት ቀን ውስጥ እንዳሻለው ገልጾ እሷም ያንን እንድትሞክር መክሯታል። የሊቀ ጳጳሳት ደብዳቤ ስለ ጨጓራ መድኃኒት ሲያወራ ስናይ እንገረም ይሆናል። እሱ ግን አላፈረበትም። መዳኗን የሚወድ ሰው ነፍሷን ብቻ ለይቶ ሊወድ አይችልም።

ሰውን ራሱ ካልጎዳ በቀር ማንም ሊጎዳው እንደማይችል የሚያስተምረውን መጽሐፍም የጻፈው በዚሁ ስደት ነው፤ ለኦሎምፒያስም ልኮላታል። እንግዲህ ይህን የሚለው አገሩን፣ ሹመቱንና ጤናውን ያጣ ሰው ነው።

የመጨረሻው መንገድ

ጠላቶቹ በቁቁሶስም ሰው እየጎረፈ እንደሚጎበኘው ሲያዩ ከዚያም በ407 ዓ.ም በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለች ሩቅ ቦታ እንዲወሰድ አስፈረዱ። ወታደሮች በዝናብም በፀሐይም እያጣደፉ ሦስት ወር ያህል አስኬዱት። ኮማና ከተባለች ከተማ አልፈው በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በማግስቱ ጥቂት እንዲታገሡት ለመናቸው፤ እነሱ ግን እምቢ ብለው አስነሡት። ትንሽ እንደሄዱ ሕመሙ ስለበረታበት ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ልብስ በዚያ ላሉት ሰጠ። ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ። ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ መስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም ዐረፈ። ዕድሜው 60 ገደማ ነበር። ኦሎምፒያስም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ በ408 ዓ.ም ዐረፈች።

በ438 ዓ.ም ዐፅሙ በታላቅ ክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። እኛም በቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን መታሰቢያውን እናደርጋለን።

ከቅዱሱ ሕይወት ምን እንማራለን?

1. ጾምን በልክና በምክር እንጹም። ዮሐንስ በዋሻ የተጎዳው መካሪ ሳይኖረው ብቻውን በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከአረጋዊው ጋር በነበረበት ጊዜ አይደለም። እኛም ከዐቅማችን በላይ ከመጀመራችን በፊት ከንስሐ አባታችን ጋር እንነጋገር። የታመመ፣ ያረገዘች፣ የምታጠባ ሰው ሁሉ በራሱ ውሳኔ ከመጨነቅ አባቱን ይጠይቅ።

2. መድኃኒትን አንናቅ። በየጾሙ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ደብቀው የሚተዉ እናቶችና አባቶች አሉ። ጾሜ ይፈርሳል ብለው ይፈራሉ። ቅዱሱ ግን ጸሎቱንም መድኃኒቱንም ይዞ ኖረ። ጠበል መጠጣትም ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም፤ ሁለቱም ከአንድ ፈጣሪ ናቸው።

3. ሐዘንን በቦታው እናውል። ስለ ኃጢአታችን እናልቅስ፤ ይህ ልብን ያቀልላል። ስለጠፋ ገንዘብ፣ ስላለፈ ነገር፣ ሰው ስላለን ቃል ሌት ተቀን መቆዘም ግን ልብንም ሆድንም ይጎዳል። እንቅልፍ ካጣን፣ እህል ካስጠላን፣ መኖር ካስጠላን ለብቻችን አንያዘው። ለካህን፣ ለቤተ ሰብ፣ ለሐኪም እንናገር። ለስታጊርዮስ መጽናኛ የተላከለት ጭንቀቱ በመሰማቱ ነው፤ ጭንቀቱ ባይሰማ ኖሮ ዮሐንስ ምን ይጽፍለት ነበር?

4. ከታመመው ጋር እንሁን። በዚህ ጾም አንድ ጊዜ እንኳ ሆስፒታል ሄደን የማናውቀውን በሽተኛ እንጠይቅ። ለደነገጠና ለተጎዳ ሰው ግን ወዲያው ምክር አናዝንብበት። እንደ ዮሐንስ ጥቂት ዝም ብለን አጠገቡ እንቀመጥ።

5. ሰው ለምን ከእኛ እኩል አልጾመም፣ ለምን ከእኛ ጋር አልበላም ብለን አንፍረድ። የሰው ሆድ በሰው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሕመሙን የሚያውቅ እሱና ፈጣሪው ናቸው።

ወዳጆቼ፣ ሥጋችን የነፍሳችን ጠላት አይደለም። ሲበዛ ይዘላል፣ ሲጠፋ ይወድቃል፤ እንደ በሬ ነው። የሚያርስ ገበሬ በሬውን አያጠግበውም፣ አያስርበውምም፤ ቀኑን ሙሉ እንዲያርስለት ይፈልጋልና። ፈጣሪያችን በዚህ ጾም ለሥጋችን ብርታት፣ ለልባችን ዕረፍት ይስጠን። የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።